ከባሕር ወለል የወጣ ወርቅ፣ ከሸሪኮች መካከል የጠፋ አደራ
(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርዕሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለ ማኅበራትና ስለ ሽርክና ሕግ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ሰጠሙ መርከቦችና ስለ ወርቅ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ሰዎች ተሰባስበው አንድን ትልቅና እርግጠኛ ያልሆነ ነገር በጋራ ለመፈለግ ሲነሡ የሚገጥማቸው ፈተና፣ የተሰባሰቡት ለእቁብም ይሁን ለፋብሪካ ወይም ለምርምር፣ በመሠረቱ አንድ ነው። የመርከብ ሀብት ፍለጋ ደግሞ ይህን ፈተና አጉልቶ ያሳያል፤ የሚፈለገው ነገር አይታይም፣ ወጪው ከባድ ነው፣ የሚጠበቀውም ትርፍ ልብ ያማልላል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ እቀርባለሁ፤ እርሱም «ሴንትራል አሜሪካ» የተባለውን መርከብ ለመፈለግ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የተቋቋመው ቡድን ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መርከቡና የሰጠመው ወርቅ

«ሴንትራል አሜሪካ» በእንፋሎት የሚሠራ፣ በጎንና በጎኑ ትልልቅ መቅዘፊያ መንኰራኵሮች የነበሩት መርከብ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ አልነበረም። በካሊፎርኒያ ወርቅ ያገኘ ሰው ወደ ኒው ዮርክ ለመመለስ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወደ ፓናማ ይወርዳል፤ ቀጭኑን የየብስ ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም በአትላንቲክ በኩል በሌላ መርከብ ይሳፈራል። «ሴንትራል አሜሪካ» ይህን የመጨረሻውን ጉዞ ከሚያደርጉት መርከቦች አንዱ ነበር።

በመስከረም 1857 መርከቡ 578 ያህል መንገደኞችንና ሠራተኞችን ይዞ ሃቫናን ለቅቆ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ከከባድ የባሕር ማዕበል ጋር ተገናኘ። ውኃ ገባው፤ የእንፋሎት ማሞቂያው እሳት ጠፋ፤ መንገደኞች ቀንና ሌሊት በባልዲ ውኃ ሲቀዱ ዋሉ፣ አደሩ። ካፒቴኑ ዊልያም ሉዊስ ኸርንደን ሴቶችንና ሕፃናትን በአካባቢው ወደ ደረሰች አንዲት ትንሽ መርከብ አሻግሮ፣ ራሱ ግን ከመርከቡ ሳይወርድ ሴፕቴምበር 12 ቀን አብሮ ሰጠመ። 425 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም ጋር የኒው ዮርክ ባንኮች በጉጉት ይጠብቁት የነበረ፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የንግድ ወርቅ፣ መንገደኞች በቀበቷቸውና በሻንጣቸው ከያዙት ሌላ ወርቅ ጋር ወደ ጥልቁ ወረደ። በዚያው ዓመት አሜሪካን የመታውን የገንዘብ ቀውስ ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ኪሳራ ነበር። የንግዱን ወርቅ ዋስትና የሰጡ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለባለቤቶቹ ካሣ ከፈሉ። ይህን የካሣ ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ይመለስብናል።

የቡድኑ አመሠራረት

በ1985 ቶሚ ቶምፕሰን የተባለ የኦሃዮ መሐንዲስ፣ ቦብ ኤቫንስ ከተባለ የሥነ ምድር ባለሙያና ባሪ ሻትዝ ከተባለ ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ «ኮሎምበስ አሜሪካ ዲስከቨሪ ግሩፕ» የተሰኘውን ቡድን አቋቋመ። የሙያ ስብጥሩን ልብ በሉ። አንዱ መሣሪያ ይሠራል፤ ሁለተኛው ማስረጃ ይመረምራል፤ ሦስተኛው ከሰው ጋር ይነጋገራል። ገንዘቡ የመጣው በአብዛኛው ከኮሎምበስ ከተማና ከአካባቢዋ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ነው። 161 ገንዘብ አዋጪዎች በድምሩ 12.7 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ።

የተመረጠው የድርጅት ዓይነት ለሕግ ተማሪዎቻችን የታወቀ ነው። በእኛ የንግድ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣውም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 «ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር» ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። ገንዘብ ያዋጣው ሸሪክ ከመዋጮው በላይ አይጠየቅም፤ በአንጻሩ በሥራ አመራር ውስጥ እጁን አያስገባም። የሚመራው ወገን ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ይይዛል። ቅርጹ ለእንዲህ ያለ ሥራ ተስማሚ ነው። 161 ሰው መርከብ ላይ ወጥቶ ወዴት እንታጠፍ ብሎ ድምፅ ሊሰጥ አይችልምና። ግን በዚሁ ቅርጽ ውስጥ ኋላ ላይ የተገለጠው ቀዳዳም ነበረበት፤ እዚያ እንደርሳለን።

ምሥጢር መጠበቅ ሌላው የቡድኑ ምሰሶ ነበር። የመርከቡ ቦታ ቢታወቅ ተፎካካሪ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ምሥጢር ለመጠበቅ ፈረሙ፤ የተወሰኑትም በምላሹ ከሚገኘው ሀብት ድርሻ እንደሚሰጣቸው ውል ገቡ።

አለማወቅን መለካት

አሁን ወደ ጉዳዩ ውብ ክፍል እንምጣ። በውቅያኖስ ውስጥ ከባሕር ዳርቻው 160 ማይል ርቆ፣ 2,200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለን መርከብ እንዴት ይፈልጉታል?

ኤቫንስ የተረፉ ሰዎች ለጋዜጦች የሰጡትን ቃል ሰብስቦ በሰዓትና በጉዳይ ደረደረው፤ ማን በስንት ሰዓት ምን አየ፣ ነፋሱ ከወዴት ነበር፣ መርከቡ ወዴት ይንሳፈፍ ነበር የሚለውን በሠንጠረዥ አሰፈረ። ስለ ቦታው ከሦስት መርከቦች የተገኙ ሦስት የተለያዩ ምስክርነቶች ነበሩ። አንደኛው ኸርንደን ራሱ ለአንዲት አላፊ መርከብ የነገረው ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ የተረፉትን ካነሡት መርከቦች የተገኙ ናቸው። ሦስቱ አይስማሙም። ተራ ፈላጊ ቢሆን አንዱን «እውነት»፣ ሁለቱን «ስሕተት» ብሎ ይነሣ ነበር። ሎሬንስ ስቶን የተባለው የፍለጋ ስሌት ሊቅ ግን ሦስቱንም ተቀበለ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ተአማኒነቱ ክብደት ሰጠ፤ የነፋሱንና የውኃውን ግፊት አስልቶ ባሕሩን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለ፤ በእያንዳንዱ ላይ መርከቡ እዚያ የመገኘቱን ዕድል በቁጥር ጻፈበት። 1,400 ካሬ ማይል ያህል የሚሸፍን የዕድል ካርታ ተሠራ።

የስሌቱን ባሕርይ በቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ቦታ ብቻ አለ እንበል። መርከቡ በመጀመሪያው ቦታ የመኖሩ ዕድል 60 በመቶ፣ በሁለተኛው 40 በመቶ ነው። መሣሪያችን መርከቡ ካለበት ቦታ ቢፈልግ፣ ከመቶ 80 ጊዜ ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ቦታ ፈለግን፣ አላገኘንም። እንግዲህ ምን ተማርን? መርከቡ እዚያ ኖሮ ያመለጠን የመሆኑ ዕድል ከ60 ሃያ በመቶው፣ ማለትም 12 ነው። የሁለተኛው 40 እንዳለ ነው። 12ን ለ52 ስናካፍል የመጀመሪያው ቦታ ዕድል ወደ 23 በመቶ ወረደ፤ የሁለተኛው ወደ 77 ወጣ። ባዶ እጅ መመለስ በራሱ ዕውቀት ሆነ ማለት ነው። ይህ ለመርከብ ፈላጊ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሙከራው ያልተሳካለት የሳይንስ ተማሪ «ምንም አላገኘሁም» ሲለኝ ሁልጊዜ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ በሚገባ ተፈልጎ የታጣ ነገር የሚቀጥለውን ቦታ ይጠቁማል።

በ1986 በጋ በድምፅ ሞገድ የባሕር ወለልን የሚቃኝ መሣሪያ በመርከብ እየተጎተተ አካባቢውን አሰሰ። በ1987 ከባሕር ወለል የወጣ አንድ የድንጋይ ከሰል ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፎካካሪዎች ወደ ቦታው እንዳይገቡ ትእዛዝ ተገኘ። ሆኖም በመጀመሪያ የሠሩበት ስብርባሪ የሚፈልጉት መርከብ አልነበረም። ተስፋ አልቆረጡም፤ የሶናር ምስሎቹን እንደገና መረመሩ፤ በሴፕቴምበር 1988 «ኒሞ» የተባለው ሮቦታቸው በጨለማው ወለል ላይ የመርከቡን መቅዘፊያ መንኰራኵር፣ ቀጥሎም የተዘራ ወርቅ አሳያቸው። ከመስጠሙ ጊዜ 131 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የወርቁ ባለቤት ማን ነው?

ወርቁ ሲወጣ 39 ኢንሹራንስ ሰጪዎች «ካሣ ስለከፈልን ንብረቱ የእኛ ነው» ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። እዚህ ላይ ሁለት የሕግ መርሆዎች ይጋጫሉ። በአንደኛው መርሆ ባለቤቱ የተወው ነገር ላገኘው ሰው ነው። በሁለተኛው፣ በማዳን ሕግ፣ ባለቤትነቱ ከባለቤቱ አይጠፋም፤ ከጥፋት ያዳነው ሰው ግን ተገቢ ዋጋ ይከፈለዋል። በ1990 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ኢንሹራንሶቹ ንብረቱን ትተውታል ብሎ ሁሉን ለቡድኑ ሰጠ። በ1992 የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን ሽሮ የማዳን ሕግ ይፈጸም አለ። ዋጋው ሲተመን ድካሙ፣ ሙያው፣ የተዋለው ገንዘብና አደጋው ብቻ ሳይሆን፣ ቡድኑ የመርከቡን ታሪካዊና የሥነ ቁፋሮ ዋጋ ምን ያህል እንደጠበቀም እንዲታይ አዘዘ። በመጨረሻም ከወርቁ ከዘጠኝ አስረኛ ያላነሰው ለፈላጊዎቹ ተወሰነ።

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለረጅም ዘመን ተቀብሮ የኖረና ባለቤቱ የማይታወቅ ሀብት የተገኘበት መሬት ባለቤት ይሆናል፤ ያገኘው ሰው ግን የዋጋውን እኩሌታ በወሮታ ይቀበላል፤ የጥንት ቅርስ ሲሆን ደግሞ ልዩ ሕግ አለው። ሐሳቡ አንድ ነው። ሕግ የፈላጊን ድካም ያከብራል፤ የቀደመ ባለመብትን ግን አይረሳም።

ይህን ያልተጠነቀቀ ቡድን ምን እንደሚገጥመው ሌላ ጉዳይ ያሳየናል። «ኦዲሴይ» የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሳንቲም ከአትላንቲክ አውጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ወሰደ። መርከቡ በ1804 የሰጠመው የስፔን የጦር መርከብ «መርሴዴስ» ነው ተብሎ ተወሰነ። የመንግሥት የጦር መርከብ ለሌላ አገር ፍርድ ቤት አይገዛምና፣ ኩባንያው በ2012 ሳንቲሞቹን በሙሉ ለስፔን አስረከበ። ከዚህም በላይ በ2001 የጸደቀውና በ2009 በሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ ስምምነት ከመቶ ዓመት በላይ በውኃ ውስጥ የቆየን ቅርስ ለንግድ ማዋልን ይከለክላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ቡድን የሚያቋቁም ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ብናገኘው የማን ነው?» የሚለውን ነው።

ወርቁ ወጣ፤ መተማመኑ ሰጠመ

እስካሁን የሰማችሁት የድል ታሪክ ነው። አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንገልብጥ። ክሱ ዓመታት ፈጀ፤ ዕዳ ተከመረ። በ2000 ከ500 በላይ የወርቅ ጡቦችና በሺህ የሚቆጠሩ ሳንቲሞች በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጡ። ሆኖም ገንዘብ አዋጪዎቹ ምንም አልደረሳቸውም። የቶምፕሰን ወገን ገንዘቡ በአብዛኛው ለባንክ ብድርና ለጠበቃ ወጪ ዋለ አለ። ሸሪኮቹ «እንግዲያው መዝገቡን አሳየን» አሉ። በ2005 ከአዋጪዎቹ ሁለቱ ከሰሱ፤ በ2006 ድርሻ የተዋዋሉ የፍለጋ ባለሙያዎችም ተከተሉ። በ2012 ቶምፕሰን ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲታዘዝ ሳይቀርብ ተሰወረ፤ በጃንዋሪ 2015 ፍሎሪዳ ውስጥ ተያዘ። ከሽያጩ ሌላ ከተገኘው ወርቅ የተሠሩ 500 የመታሰቢያ ሳንቲሞች የት እንዳሉ እንዲናገር ታዘዘ። አልመለሰም ተብሎ ፍርድ ቤት በመድፈር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ።

በ2014 ፍርድ ቤት የሾመው አስተዳዳሪ ከ«ኦዲሴይ» ጋር ተዋውሎ ፍለጋው እንደገና ተጀመረ፤ ከ15 ሺህ በላይ ሳንቲሞች ወጡ። የ1985ቱ ቦብ ኤቫንስም አብሯቸው ወደ ባሕር ተመለሰ። መርከቡ ገና የሚሰጠው ነበረው፤ ማኅበሩ ግን ከፈረሰ ቆይቷል።

የእቁብ ዳኛና ዋስ

እኔ በወጣትነቴ፣ ገና ረዳት መምህር ሳለሁ፣ ሃያ ሆነን እቁብ ጀምረን ነበር። ዳኛችን ደግ ሰው ናቸው ብለን ዋስ መጠየቅን እንደ ነውር ቆጠርነው። ጽሑፉንም ገንዘቡንም እርሳቸው ያዙት። ዕጣቸው ቀድሞ የወጣላቸው ወሰዱ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ መክፈላቸውን አቆሙ። በመጨረሻ የቀረነው ሦስት ሰዎች፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ባዶ እጃችንን ቀረን። ዳኛው ሌባ አልነበሩም። ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። ግን ማን ምን እንደከፈለ የሚያሳይ፣ ሁላችንም ያየነው መዝገብ አልነበረም። ሐቀኛ የነበሩት ሰው ሐቀኝነታቸውን ማስረዳት አቃታቸው፤ ወዳጅነታችንም በዚያው ቀረ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ዳኛን፣ ጸሐፊንና ገንዘብ ያዥን የለያዩት፣ ዕጣ የወጣለትንም ዋስ አምጣ የሚሉት በሰው ስለማያምኑ አይደለም። እምነት እንዳይፈተን አጥር ሲሠሩለት ነው። የኦሃዮው ቡድን ለባሕሩ አለማወቅ በጣም የረቀቀ ስሌት ሠራ፤ ለሰው ልጅ ባሕርይ ግን የአንድ ሰፈር እቁብ ያህል ጥንቃቄ አላደረገም። ሥራውን የሚመራው፣ ምሥጢሩን የሚጠብቀውና ገንዘቡን የሚይዘው አንድ እጅ ሆነ።

እንግዲህ ለጋራ ፍለጋ ለሚሰባሰብ ሁሉ፣ የሚፈለገው መርከብም ይሁን ማዕድን፣ ወይም በጋራ የሚሠራ ምርምር፣ ከዚህ ታሪክ የማወጣቸው ነጥቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ባለመብቱን አስቀድሞ መለየት። የማን እንደሆነ ያልታወቀን ነገር ለመከፋፈል መስማማት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍፍሉን ሀብቱ ሳይገኝ መጻፍ። ድርሻ ማለት ከጠቅላላው ገቢ ነው ወይስ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? ብድር ቢገባ የሚቀድመው ማን ነው? ባለሙያው የሚከፈለው መቼ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ወርቅ በሌለበት ጊዜ የአንድ ምሽት ውይይት ይበቃቸዋል፤ ወርቁ ከወጣ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ሊፈጁ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ምሥጢርን ከሒሳብ መለየት። የቦታው ምሥጢር ከተፎካካሪ ይጠበቃል፤ የገንዘቡ ሒሳብ ግን ከሸሪክ ሊሰወር አይገባም። ገለልተኛ ኦዲተር፣ ሁለት ፊርማ፣ በየዓመቱ የሚቀርብ ሪፖርት ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። በአገራችንም ሕዝብ አክሲዮን ገዝቶ ከዓመት ዓመት ሪፖርት ሲናፍቅ የኖረባቸውን ድርጅቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አራተኛ፣ መሪው ቢሳሳት፣ ቢታመም ወይም ቢሄድ ሥራው በማን እንደሚቀጥል መወሰን። 161 ሰዎች መሪያቸውን በቀላሉ የሚተኩበት መንገድ ቢኖራቸው ኖሮ ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ መሾም ባላስፈለገውም ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው። ግን ድሩ የሚያስረው ክር ከክር ጋር በሚገባ ሲቋጠር ነው፤ መተዳደሪያ ደንብ ማለት ያ ቋጠሮ ነው።

ከተሳታፊዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ

ጥያቄ (የአራተኛ ዓመት ተማሪ)፦ መምህር፣ ሰውየው እውነት ሳንቲሞቹን ደብቆ ነው ወይስ ተበድሎ ነው የታሰረው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። ፍርድ ቤቱ የታዘዘውን አልፈጸመም ብሏል፤ እርሱ ደግሞ የት እንዳሉ አላውቅም ብሎ ጸንቷል። በ2025 መጀመሪያ ዳኛው ተጨማሪ እስራት መልስ አያስገኝም ብለው የማስገደጃውን እስራት አቆሙ፤ ከዚያ ቀደም ሲል የተፈረደበትን የሁለት ዓመት ቅጣት እንዲጀምር አደረጉ። በሰውየው ልብ ውስጥ ያለውን እኔም አንተም ልናይ አንችልም። ግን ጥያቄህን መለስ ብለህ ተመልከተው። የቡድኑ መዝገብ ከመጀመሪያው ለሸሪኮቹ ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ጥያቄ ዛሬ ትጠይቀኝ ነበር? ሌባም ከሆነ መዝገቡ ቀድሞ ያጋልጠው ነበር፤ ንጹሕም ከሆነ ከእስር ያድነው ነበር። ስለዚህ ነገ ድርጅት ስታቋቁም ኦዲተር ይሾም ብለህ ብትጠይቅ፣ ሸሪክህን የጠረጠርህ አይምሰልህ። ክብሩን እየጠበቅህለት ነው።